ስድብን የሚከለክል አንቀጽ

ምትኩ ከመብራት ኃይል ጡረታ በወጣ በአራተኛው ዓመት የገና ጨዋታ ውድድር አዘጋጃለሁ ብሎ ሲነሣ፣ ሚስቱ ክብረት የሰጠችው መልስ አጭር ነበር። ዕድሜውን ሁሉ የመብራት ምሰሶ ላይ ሲወጣ የኖረ ሰው መሬት ሲወርድ የሚሠራው ይጠፋዋል አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ምትኩ አልተከራከራትም። ለስፖርት ነው፣ ለጤና ነው፣ ለሰፈሩ ወጣት ነው እያለ ጃኬቱን ደርቦ ወጣ።

እውነቱ ሌላ ነው። ውድድሩን የፈለገው ለአንድ ሰው ሲል ብቻ ነው። ሰውየው ሮበሌ ዋቅጅራ ይባላል፤ ከለቡ ተነሥቶ ፉሪ ከገባ ሰባት ዓመቱ ነው። በነዚህ ሰባት ዓመታት ሁለቱ ተያይተው አያውቁም። ምትኩ ከሚኖርበት ከለቡ ፉሪ በታክሲ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ያቺን ግማሽ ሰዓት ነው እንግዲህ ምትኩ ሰባት ዓመት ሙሉ መሄድ ያቃተው።

የተዋወቁት ገና ሲጫወቱ ነው። ምትኩ ከመንዝ መጥቶ መብራት ኃይል በተቀጠረ ሰሞን ለቡ እርሻ ነበር፤ ጤፍ፣ ሽምብራና ጭቃ። ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ገበሬዎች ጫፉ የቆለመመ የወይራ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ወደ ሜዳው ሲወርዱ አየ። አገሩ ይህንኑ ሲጫወት አድጓልና ሳይጋበዝ ተከተላቸው።

በገና ጨዋታ ወገን የሚለየው በአቻ ነው። በጉልበትም በሩጫም የሚመጣጠኑ ሁለት ሰዎች ተያይዘው ወደ ዳር ይሄዳሉ፤ ሰው ሳይሰማቸው አንዱ አንበሳ፣ ሌላው ነብር ነኝ ይላል፤ ተመልሰው አንበሳ ወይስ ነብር ብለው የቡድን አባቶቹን ይጠይቃሉ። አንዱ አባት አንበሳውን ሲወስድ ነብሩ ለሌላው ይደርሳል። ስለዚህ አቻ የሆኑ ሰዎች በአንድ ወገን ተሰልፈው አያውቁም። ሽማግሌዎቹ ምትኩን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩትና ከሮበሌ ጋር አጣመሩት። ሁለቱም ቀጫጭን፣ ሁለቱም ሯጭ፣ ሁለቱም አፈኛ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ሃያ ስድስት ገና ፊት ለፊት ቆመው ተጫወቱ።

የሁለቱ ነገር ግን ከሩጫው ይልቅ በስድቡ ይታወቅ ነበር። ገና ላይ ስድብ ነውር አይደለም። በዚያን ቀን ሠራተኛ አለቃውን፣ አማች አማቱን ሙልጭ አድርጎ ቢሰድብ ቂም አይያዝም፤ የሚታፈርበት የተቀየመው ሰው ነው። ሮበሌ ምትኩን «ሽቦ» አለው፤ ስሙም ወጣለት። አገሩን ሁሉ መብራት ሲያበራ ይውላል፣ ሲመሽ የራሱ ቤት በኩራዝ ነው ብሎ ሜዳውን ያሥቅበት ነበር፤ እውነትም ምትኩ የተከራያት ክፍል ሁለት ዓመት መብራት አልነበራትም። ምትኩም በተራው የሮበሌ ትልም ከመጣመሙ የተነሣ ወፍ እንኳ ዘሩን ፈልጎ አያገኘውም ይላል።

ሮበሌ ግን ለሣቅ ብቻ አይሳደብም። ዓመቱን ሙሉ የያዘውን ቅሬታ የሚያወጣው ያን ቀን ነው። አንድ ዓመት እናቱ ታማ ተኝታ ሳለ ምትኩ ሳይጠይቃት ከረመ። ሮበሌ በወቅቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ገና ሲደርስ ሜዳ መካከል ቆሞ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ፣ እንዲህ ያለ ሰው ወዳጅ ተብሎ መጠራቱን አውግዞ፣ ምትኩን ላብ በላብ አድርጎ ጨረሰ። ከዚያ እጁን ይዞ ቤቱ ወሰደው፣ ከአንድ ትሪ በሉ፣ ነገሩም እዚያው አለቀ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሣበትም።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ወዳጅነት ነው በአንድ ካርታ የተቆረጠው። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ የቤት ሠሪዎች ማኅበር አቋቁመው፣ ስንት ዓመት ጠብቀው፣ መሬት ሲሰጣቸው ምትኩ ዕጣ አወጣ። ቁጥሩን ካርታው ላይ ፈልጎ ሲያገኝ ወንዙን አየ፤ የወንዙን ጥምዝ አየ፤ ከጥምዙ በላይ ያለውን ቦታ አወቀ። የሮበሌ የሽምብራ ማሳ ነበር።

ሮበሌ መሬቱ ለልማት ተብሎ እንደሚወሰድ ያውቃል፤ ካሣውንም ተቀብሏል። በማን እጅ እንደሚገባ ግን አያውቅም፤ ምትኩም አልነገረውም። ነገ እነግረዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግረዋለሁ ሲል ችካል የሚመታበት ቀን ደረሰ። ምትኩ ገመድ ይዞ ከግንበኛው ጋር ሲለካ ሮበሌ አህያውን እየነዳ በመንገዱ መጣ። ቆመ። ችካሉን አየ፣ ገመዱን አየ፣ መጨረሻ ላይ ምትኩን አየ። «እንኳን ደስ አለህ» አለውና አህያውን ነድቶ አለፈ። በወሩ ቤተሰቡን ይዞ ፉሪ ገባ።

የዚያን ዓመት ገና ምትኩ ራሴን አመመኝ ብሎ ቤቱ ዋለ። በዓመቱ እግሬን አለ። በሦስተኛው ዓመት ሰበብ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም፤ ገበሬዎቹ አንድ በአንድ ሄደው አልቀው ጨዋታውም ቀርቶ ነበር።

ናፈቀው። ይህን በግልጽ መናገር ይሻላል። ስልሳ አራት ዓመት የሞላው፣ ሁለት ልጅ የዳረ ሰው አንድ ገበሬ ናፈቀው። ሰው ሞልቶ በተረፈበት ከተማ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጋሼ ምትኩ እያለ እጅ እየነሣው፣ ሽቦ ብሎ የሚጠራው አንድ ሰው ጠፋ። ቤቱ በተሠራ በመጀመሪያው መስከረም በጓሮው፣ በፍሳሽ ጉድጓዱ አጠገብ፣ ማንም ሳይዘራው ሽምብራ በቀለ። ሊነቅለው ጎንበስ አለና እጁ አልታዘዝ አለው። በታኅሣሥ እሸት ሲሆን ብቻውን ቆሞ በላው፤ ክብረት በጓሮ በር ብቅ ስትል አፉን ጠርጎ ቱቦ የሚያይ መሰለ። አንዳንድ ቀን ኃይሌ ጋርመንት ታክሲ ተራ ሄዶ የታክሲ ረዳቶቹ ፉሪ፣ ፉሪ ብለው ሲጣሩ ቆሞ ይሰማል። አንዱ ሞልቶ ይሄዳል፣ ሌላው ይመጣል፣ ያም ሞልቶ ይሄዳል፤ ምትኩ ዳቦ ገዝቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ውድድሩን ያሰበው እዚያው ታክሲ ተራ ላይ ነው። እኔ ወደ እሱ መሄድ ካቃተኝ እሱ የሚመጣበትን ነገር ልፍጠር አለ። ለሮበሌ ከገና በቀር የሚያስመጣው ነገር እንደሌለ ያውቃል።

ኮሚቴ አቋቋመ። የእድሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ ትሩፋት ድንኳንና ወንበር ሊሰጡ ተስማሙ። በሰፈሩ ትምህርት ቤት ስፖርት የሚያስተምረው ሚሳኤል ዳኛ ለመሆን ከመስማማቱ ፊሽካ ገዝቶ መጣ። ለቡ፣ ፉሪ፣ ኃይሌ ጋርመንትና ጀሞ አራት ቡድን እንዲያወጡ ተወሰነ፤ መጀመሪያ ለቡ ከፉሪ ይጋጠማሉ። ይህን ያለው ምትኩ ነው፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም። ሜዳው ከለቡ ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ዳር ከግንባታ የተረፈ ሣር ነበር። ወረዳው በደብዳቤ ፈቀደ።

ሚሳኤል ደንብ ያስፈልጋል አለ፤ ከእግር ኳስ የቀዳውን አሥራ ሁለት አንቀጽ አነበበ። ሰባተኛው ተጫዋችም ሆነ ተመልካች ተሳድቦ ከተገኘ ከሜዳ ይወጣል ይላል። ወይዘሮ ትሩፋት ሣቁና፣ ልጄ፣ ይህን ካደረግክ ገናው የት አለ አሉት። ሚሳኤል ጊዜው ተለውጧል፣ ዛሬ ሰው ቀልድ አይችልም፣ ሁለት ቋንቋ ባለበት ሜዳ ስድብ ሌላ ጣጣ ያመጣል ብሎ ተከራከረ። እንዳይፈረድበት፣ ያለው ከንቱ አልነበረም። ሁለቱም ወደ ምትኩ ዞሩ።

ምትኩ በዚያች ቅጽበት ያየው ሮበሌን ነው። ሮበሌ ሜዳ መካከል ቆሞ፣ የምትኩ የልጅ ልጆች ባሉበት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ባለበት፣ ይህ ሰው የሚተኛው በእኔ ሽምብራ ላይ ነው ሲል ታየው። «አንቀጹ ይግባ» አለ። ወይዘሮ ትሩፋት ነገሩ አልገባቸውም። ሃያ ስድስት ዓመት ሲሰድብና ሲሰደብ የኖረ ሰው የናፈቀውን ወዳጁን ሊጠራ ተነሥቶ፣ አስቀድሞ አፉን በአንቀጽ ዘጋው።

ደንቡን ለማሳተም የሄደው ኃይሌ ጋርመንት፣ የሮበሌ ልጅ ለሊሴ ወደከፈተችው የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ሱቋ እዚያ መሆኑን ካወቀ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ በፊት ለፊቱ ብዙ ቀን አልፏል፣ ገብቶ ግን አያውቅም። ለሊሴ ስታየው ከወንበሯ ተነሣች። ትከሻውን ሳመችው፣ ክብረትን ጠየቀችው፣ ጠፉ አለችው፤ እሱም ጠፋሁ አለ። ወረቀቱን ተቀብላ መተየብ ጀመረች። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ጋሼ ምትኩ፣ ይሄን አባቴ ካየ አይመጣም።»

ለምን እንደሆነ ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረውም። ብቻ ጥሪውን ከነደንቡ እንድታደርስለት ለመናት። በሦስተኛው ቀን መልሱን ሊሰማ ተመልሶ ሲሄድ ለሊሴ ፊት ለፊት ማየት ከብዷት ማሽኑን እያየች ነገረችው። አባቷ ወረቀቱን በልጅ ልጁ አስነብቦ እስከ ስድስት ድረስ ደስ ብሎት ሰማ። ሰባተኛው ሲነበብ ድገመው አለ። ከዚያ፣ ስድብ ከተከለከለ እዚያ ምን ልሠራ እሄዳለሁ ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ምትኩ ከኃይሌ ጋርመንት እስከ ቤቱ በእግሩ ሄደ። ክብረት ግቢ ውስጥ ልብስ ስታሰጣ አገኛትና ሳይቀመጥ ሁሉንም ነገራት፤ ዕጣውን፣ ካርታውን፣ አህያውን፣ እንኳን ደስ አለህ መባሉን። ክብረት አልገረማትም። ሽምብራውን ተደብቀህ ስትበላ ያየሁ ቀን ገብቶኛል አለችው። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ትነግረኛለህ ብላ ስትጠብቅ ኖራለች። ሰው ፊት መሰደብን እንደሚፈራ ሲነግራት የያዘችውን አንሶላ ገመዱ ላይ ጣለችና «ታዲያ ከዚህ የባሰ ምን ሊልህ ነው? ይበልህ» አለች።

በማግሥቱ ኮሚቴውን ሰብስቦ አንቀጽ ሰባት ይውጣ አለ። ሚሳኤል ደንቡ ታትሟል፣ ማኅተም ተመትቶበታል ብሎ ተቆጣ። ምትኩ ስክሪብቶ አውጥቶ ከአርባው ወረቀት ላይ አንድ በአንድ ሰረዘው። ወይዘሮ ትሩፋት እያንዳንዱን እየተቀበሉ ይደረድሩለት ነበር። አንዱን የተሰረዘ ወረቀት ለለሊሴ ወሰደላት። የዚህኛው መልስ ሳይመጣ ገና ደረሰ።

በበዓሉ ቀን ከምሳ በኋላ ሜዳው በሰው ተሞላ። ሣሩ በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ቢጫነት ሄዷል። ምትኩ ለቡን ወክሎ ሊጫወት ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ዱላውን ይዞ መንገዱን ያያል። ወይዘሮ ትሩፋት ዋንጫውን ማን ያስረክብ ሲሉት፣ እኔ ይላል፣ ዐይኑ መንገዱ ላይ ነው። ሚሳኤል ስለ ሰዓቱ ሲጠይቀው እሺ ይለዋል፣ ዐይኑ መንገዱ ላይ ነው። የፉሪ ልጆች በሁለት ታክሲ ተጭነው እየጨፈሩ መጡ። ከሁለተኛው ታክሲ መጨረሻ ላይ ለሊሴ ወረደች። ዞራ እጇን ወደ ውስጥ ዘረጋችና ሮበሌን አወረደችው።

ሮበሌ ከዘራ ይዟል። የቀኝ ጉልበቱ አይታጠፍም፤ እግሩን እየጎተተ፣ በልጁ ተደግፎ ነው የሚራመደው። ምትኩ ሊቀበለው የጀመረውን እርምጃ አቋረጠ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሲያስበው ሮበሌ እየሮጠ ነበር። አብሮት የሚያረጅ መሆኑ፣ እሱ ራሱ ጸጉሩ ነጭ ሆኖ ሳለ፣ አንድም ቀን ትዝ አላለውም። ዳግመኛ ፊት ለፊት ቆመው እንደማይጫወቱ ያን ጊዜ ገባው። ሮበሌ ከሩቅ ከዘራውን ከፍ አድርጎ ሰላም አለውና በፉሪ ወገን በተደረደሩት ወንበሮች ላይ፣ ጠርዝ ይዞ ተቀመጠ።

ሚሳኤል ፊሽካውን ነፋ። ከእንጨት የተጠረበችው ሩር መሐል ሜዳ ተጣለች፣ ዱላ ከዱላ ተጋጨ፣ አቧራው ተነሣ። ሮበሌም አፉን ከፈተ።

ጉልበቱ ቢደክምም አፉ አልደከመም። «ይህ ልጅ ከብቱን የት ጥሎ ነው የሚያፏጨው?» አለ ሚሳኤልን። ወይዘሮ ትሩፋት ከት ብለው ሲሥቁ ወደ እሳቸው ዞረ፤ የእድሩን ድንኳን ሳይ ማን ሞተብን ብዬ ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር፣ ለካ የሞተው የለቡ ቡድን ነው አላቸው። ቢጫ ጫማ ያደረገውን የለቡ ልጅ፣ ጫማው ሮጦ ሄደ ልጁ ግን እዚያው ቆሟል ብሎ አዋረደው። በኦሮምኛ የሚለውን የገባቸው አስቀድመው ይሥቃሉ፣ ያልገባቸው እነሱን እያዩ ይሥቃሉ። ስድብ ጣጣ ያመጣል ያለው ሚሳኤል ራሱ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ሲሥቅ አንድ ጥፋት አመለጠው።

ምትኩ እየሮጠ ጆሮው ፉሪ ወገን ነው። ተራዬ ይደርሳል ይላል። ሽቦ ሊል ነው ብሎ ይጠብቃል። ሩሯ ወደ እሱ መጣች፤ መታት፤ ወደ ውጭ ወጣች። ሮበሌ ዝም። ሁለተኛ መጣች፤ አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ከእግሩ ሥር ነጥቆት ሄደ። ዝም። ሦስተኛ ጊዜ ዱላውን ባለ በሌለ ኃይሉ ሰንዝሮ ሩሯን ሳታትና፣ የሰነዘረው ጉልበት ራሱን ይዞት ዞሮ በጀርባው ተዘረረ። ሜዳው በሣቅ ፈረሰ። የድሮውን የሚያውቁ ጥቂት ሽማግሌዎች ወደ ሮበሌ ዞረው ጠበቁ። ምትኩም መሬት ላይ እንደተጋደመ ጠበቀ።

«አይዞህ» አለ ሮበሌ። «አልተጎዳህም አይደል?»

የተጎዳው ያኔ ነው። ለማንም ሰው፣ ለማያውቀው መንገደኛ የሚባል ቃል ነበር። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደተጫወተ አያውቀውም። ፉሪ ሁለት ለአንድ አሸነፈ፤ የፉሪ ልጆች ሮበሌን ከነወንበሩ አንሥተው ጨፈሩ።

ቀጥሎ የጀሞና የኃይሌ ጋርመንት ጨዋታ ነው፤ ፍጻሜው ከዚያ በኋላ ይደረጋል። ሮበሌ ግን ጉልበቱ ስላመመው ሊሄድ ተነሣ። ምትኩ አቧራውን ሳያራግፍ ደረሰበት። ሮበሌ እጁን ጨበጠው፣ ስለ ጥሪው አመሰገነው፣ ጥሩ ዝግጅት ነው አለው። ለሊሴ ነገሩ ስለገባት ታክሲ ልይ ብላ ፈቀቅ አለች።

«ሮቤ፣ እኔን ሳትሰድብ ልትሄድ ነው?»

«ምን ብዬ ልስደብህ?»

«ቤቱን ነዋ። ሽምብራውን። ሁሉም ሰው ፊት በለኝ፤ ለዚህ ብዬ ነው የሰረዝኩት።»

ሮበሌ ከዘራውን አስተካክሎ ተደገፈ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። «በቤቱ አልተቀየምኩህም። ዕጣ ነው። ለማላውቀው ሰው ከሚደርስ ላንተ መድረሱ ይሻለኝ ነበር። አልነገርከኝም፤ በዚህ አዎ፣ አዝኜብሃለሁ። የዚያን ዓመት ገና የምልህን ሁሉ አዘጋጅቼ ከፉሪ ድረስ መጣሁ። ሜዳ ላይ ዞር ዞር ብዬ አጣሁህ። በዓመቱም መጣሁ። አቻዬ የለም ብዬ ከማንም ሳልጣመር ዳር ቆሜ አይቼ ተመለስኩ። እኔ የምሰድበው ቤቴ የሚገባ ሰው ነው፤ አንተ ቤቴን አታውቀውም።»

ይህን ብሎ ወደ መንገዱ ሄደ።

ምትኩ ሁለቱን ዓመት ቆጠራቸው። ራሴን ያለበትና እግሬን ያለበት። ከቤቱ እስከ ድሮው ሜዳ ሦስት መቶ እርምጃ አይሞላም ነበር። ሮበሌ ያኔ ደህና ጉልበት ነበረው።

ወይዘሮ ትሩፋት ከድንኳኑ ይጣሩ ነበር። የወረዳው እንግዳ መጥቷል፣ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ይቀራል፣ ዋንጫውም ጠረጴዛ ላይ ነው። ምትኩ ሁለት ወር ሙሉ የለፋበት ሁሉ እዚያ ድንኳን ውስጥ ተሰብስቦ ይጠብቀዋል። ዞሮ ዋንጫውን እርስዎ ይስጡልኝ አላቸውና፣ ምን ሆነህ ነው የሚለውን ሳይሰማ፣ ሱሪው እንደተጠቀለለ፣ ዱላውን እንደያዘ ወደ መንገዱ ሮጠ።

ታክሲው ሞልቶ ሊነሣ ነበር። ረዳቱ ቦታ የለም ሲለው በትርፍ እሄዳለሁ ብሎ ራሱን አጎንብሶ ገባ። ሮበሌ ከሹፌሩ ጀርባ ካለው ወንበር ጥግ ይዟል። ለሊሴ ተነሥታ ወደ ኋላ ተጠጋጋችና ቦታዋን ለቀቀችለት። ምትኩ አጠገቡ ተቀመጠ። ትከሻቸው ተነካካ። ታክሲው ተንቀሳቀሰ፤ ሮበሌ በመስኮቱ ውጭውን ያያል፤ አዳዲሶቹ ፎቆች አንድ በአንድ ያልፋሉ። ምትኩ የቆሸሸ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

«ሰባት ዓመት» አለ ሮበሌ ፊቱን ሳያዞር፣ «ታክሲ አጥተህ ነው?»

ምትኩ አንገቱን ደፋ።

«እንዲህ አቧራ ለብሰህ ነው ቤቴ የምትገባው? ሚስቴ ለማኝ መስለሃት ቁራሽ ይዛ ብትወጣ ምን ልላት ነው? አንተ ሽቦ።»

ከዚያማ ማን ያቁመው። የሳታትን ሩር ከእነአወዳደቁ ተረከለት፤ አገር ምድሩ ተሰብስቦ እያየ በጀርባ መጋደም በስልሳ አራት ዓመት የሚያምር መስሎህ ነው አለው። ከሩር ወደ ቤቱ አለፈ፤ የሰው ሽምብራ ላይ ግድግዳ አቁሞ በአጥር የተከለለ ሌባ ብሎ ጠራው። ከቤቱ ወደ ችካሉ፣ ከችካሉ ወደ ካርታው ሄደ። አንድ አፍ ምን ይከብዳል፣ ሮቤ ዕጣው አንተ ላይ ወጣብኝ ብትለኝ አብሬህ ችካል እመታ አልነበር ወይ ሲለው ድምፁ ትንሽ ተሰበረ። አስተካክሎ ቀጠለ። በኦሮምኛ ያለውን ለሊሴ ከኋላ ሰምታ፣ አባዬ ኧረ በቃ አለች። ምትኩ እንባው በአቧራው ላይ መንገድ እያወጣ ይወርድ ነበር፤ አልጠረገውም። መንገዱ ለበዓሉ ነፃ ሆኖ፣ ስድቡ ሳያልቅ ቶሎ ሊደርሱ መሆኑ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አናደደው።

ከፊታቸው ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠች ነጠላ የለበሰች ሴት ነገሩ አላስችል ብሏት ዞረች። እባካችሁ፣ እናንተ ትልልቅ ሰዎች፣ በዓል ነው፣ ነውር ነው ብላ ሮበሌን ገሠጸችው። ሮበሌ አፍሮ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ምትኩ ቀና አለ። «ተይው እኅቴ» አላት። «የሰባት ዓመት ነው፤ ይጨርስ።»

ፉሪ ደርሰው ከታክሲ ሲወርዱ ሮበሌ አልጨረሰም ነበር። ምትኩ በአንድ እጁ ዱላውን ይዞ፣ በሌላው እጁ ሮበሌን ደግፎ፣ በማያውቀው መንገድ ወደ ቤቱ እየተሰደበ ሄደ።